የእሑዱ ድራማ ነርስ

ነጎድጓድ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምላጭ፣ ይቺን ስሚልኝ! በሳቅ ፈረስኩ እኮ! የነገው ፕሮግራማችን መክፈቻ እሷ ናት፤ አለቀ!»

ከስልኩ የሚወጣው በየሳምንቱ በሬዲዮ የቴሌቪዥን ድራማዎችን የሚተቸው የታወቀ ሃያሲ ድምፅ ነው። «የእሑዱን ድራማ ነርስ አያችኋት?» አለ ሃያሲው። «ካሜራማኑ ምናለ ካሜራውን ወደ ግድግዳው ቢያዞረው? ግድግዳው ቢያንስ ቀለም ተቀብቷል!» ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ።

ምላጭ አልሳቀችም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ድሮ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ነበር። አሁን ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ሁለቱ ጓደኛሞች በምሳ ሰዓት ድራማ የሚተቹት እዚያ ነው። «ምላጭ» የሚለውንም ስም ያወጣላት ምላሷ ነው፤ ያልወደደችውን ነገር አታልፍም። ነርሷን ሆና የምትሠራው ተዋናይት የእናቷ ልጅ፣ ታላቅ እህቷ መሆኗን ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «ለእህቷ አዳላች» እንዳትባል ፈርታ ነው።

«ስለ ትወናዋስ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

ነጎድጓድ ስልኩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «ስለ ትወናዋማ... ምንም አላለም። ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ? ሙድ አበላሸሽ!»

ቤት ስትደርስ እህቷ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠበች ነበር።

«እትዬ፣ ሬዲዮኑን ሰማሽው?»

«ታክሲ ውስጥ።» እህቷ ዞር አላለችም። «ሾፌሩ ከፍቶት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።»

የምላጭ ደም ፈላ። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «ይሄ እኮ ስድብ ነው! ሰው ሰድቦ ‹ሂስ ነው› ይላል? አንቺ ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል እየተመላለስሽ የነርሶቹን ሥራ ስታጠኚ የት ነበር? ቆይ፣ ነገ ማይኩ የእኔ ነው። ‹እንደሷ ያለ ተዋናይት አልተፈጠረም› እላለሁ! አፉን ነው የማስይዘው!»

«ድራማው ላይ ሕፃኑ ሲሞት ያለቀስኩት ለቅሶ አሳመነሽ?» አለች እህቷ።

ምላጭ የወረወረችውን ቦርሳ አንስታ ማንገቻውን ታስተካክል ጀመር።

«ንገሪኝ እንጂ። ለሌላው የሚሳለው ምላስሽ ለእኔ ሲሆን ዶለዶመ?»

«እያለቀስሽ...» አለች ምላጭ ወለሉን እያየች፣ «እያለቀስሽ ፀጉርሽን ታስተካክያለሽ።»

እህቷ ከንፈሯን ነከሰች። እንዳመማት ያስታውቃል። ቆይታ ግን ቧንቧውን ዘጋችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ልክ ነሽ። ካሜራው ሲቀርበኝ ፊቴ ያስጨንቀኛል። ይኸውልሽ፣ እሱም ይህንን ቢለኝ ኖሮ አስተካክለው ነበር። ፊቴን ግን ምን ላድርገው? የት ልጣለው?» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺም በውሸት ካሞገስሽኝ ያው ነው። እሱም አላየኝ፣ አንቺም አላየሽኝ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ነጎድጓድ የሃያሲውን ንግግር አዘጋጅቶ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«እሱ አይተላለፍም» አለችው።

«እንዴ! ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ አውርቻለሁ! ሼም ልታከናንቢኝ ነው?»

«ነርሷ እህቴ ናት።»

የነጎድጓድ አፍ ተከፍቶ ቀረ። «ወይኔ ጉዴ! ለምን አልነገርሽኝም? ባውቅ እኮ አልስቅም ነበር!»

«እህቴ ባትሆንስ?»

ነጎድጓድ ጣቱን ቀስ ብሎ ከቁልፉ ላይ አነሳ። «እሺ... ታዲያ ምን እናድርግ? አሞግሰናት እንለፍ?»

ምላጭ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እህቷ ድራማው ላይ ሕፃኑን መርፌ ከመውጋቷ በፊት እጁን በመዳፎቿ ይዛ ስታሞቀው ትዝ አላት፤ ያኔ ቤት አብረው ሲያዩ እናታቸው እንኳ የያዘችውን ሹራብ መሥራት አቁማ ነበር። እሱንም ትናገራለች። ግን በእሱ ከጀመረች ማንም አያምናትም።

ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች። ቀዩ መብራት በራ። በመስኮቱ በኩል የግቢው ጫጫታ ይሰማል።

«ዛሬ የምናወራው ስለ እሑዱ ድራማ ነው» አለች። «ነርሷን ሆና የምትሠራው ተዋናይት እህቴ ናት። ይህን አውቃችሁ ስሙኝ።»

ውጭ አንድ ሰው አፏጨ። ከዚያ ጫጫታው ቀነሰ።

«ከለቅሶው ልጀምር።»