ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት ኪኒን

ወገኖቼ፣ እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጎሚስታ ነኝ። አዳማ፣ ከሞጆ በሚያስገባው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ እጠግናለሁ። "ያልተማረ" የሚለው ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሲወጋኝ ኖሯል።

በአንድ ግቢ የምንኖረው እህቴ ተሻለች መገጣጠሚያዋን ያማታል። የሰውነቷ መከላከያ ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ አካሏን የሚያጠቃበት በሽታ ነው አሉን። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ከቁርስ ጋር ትውጣለች። ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር ብጠይቀው በግሪስ የጠቆረ እጄን አየና፣ "የተማረ ቤተሰብ የላትም?" አለኝ። ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ሰው በስልክ ቪዲዮ ሲናገር ሰማሁ። ሰው ሲጾም ሴሉ የታመመውን እየበላ ራሱን ያድሳል፣ ኪኒን ምን ያደርጋል ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ያን ሐኪም ያሸነፍኩት መሰለኝ።

"ተሹ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሚና ኪኒኑን ተይው። ቁርስ ተበልቶ ምን ጾም አለ?"

"ወንድምዬ፣ ሐኪሙ በድንገት እንዳታቆሚ ብሎኛል እኮ።"

"ገበያው እንዳይቀርበት ነዋ!"

ጎረቤታችን በድሪያ ልብስ ስታሰጣ ሰማችኝ። እሷም ስኳር አለባት።

"ማስረሻ፣ እኔ እንኳ ረመዳን ሲመጣ ሐኪሜን ሳልጠይቅ አልጾምም። አላህ በሽተኛን አላስጨነቀም፣ አንተ ከየት አመጣኸው?"

"አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?"

"አንተስ የተመረቅከው በጎማ ነው በሰው?"

አንገበገበችኝ። በእልህ ኪኒኑን ከእህቴ መደርደሪያ አንስቼ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሯን ባንኳኳ መልስ የለም። ገፍቼ ገባሁ። ወለሉ ላይ ተጠቅልላ ወድቃለች። አስመልሷታል፤ ግንባሯ በላብ ርሶ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። "ተሹ!" ስላት ዓይኗ እኔን አላገኘኝም። ጮህኩ። በድሪያ ናት ሮጣ ባጃጅ ያስቆመችው። መንገዱን ሙሉ የእጇን የደም ሥር ትርታ እዳብሳለሁ፤ አገኘዋለሁ፣ ደግሞ ይጠፋብኛል።

ሆስፒታል መርፌ ተወጋች፣ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

"ይህን ኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይህንኑ የሚመስለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ይገድላል። ማነው አቁሚ ያላት?"

ተሻለች ዓይኗን በጭንቅ ገለጠች። "ራሴ ነኝ" አለች።

ከስድብ ሁሉ ይበልጥ የወጋኝ ይሄ ነው። "ውሸቷን ነው፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

ሐኪሟ አልሰደበችኝም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጾም ሰውነትን እንዴት እንደሚያድስ ገና እየተጠና ነው፤ ሕመሙ ቀለል ያለላቸው አሉ፤ ግን ለሁሉ አይሆንም፣ መድኃኒትንም አይተካም አለችኝ። የንስሐ አባታችንም ሲሰሙ፣ "ልጄ፣ ኪኒንሽን ከነቁርስሽ ውሰጂ፤ ጾምሽ በጸሎት ይሁን" አሏት።

ወገኖቼ፣ ቂሜን የተወጣሁት በሐኪሙ ሳይሆን በእህቴ ላይ ነበር። መጾም መልካም ነው፤ በሽታ ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ መድኃኒቱን በራሱ አያቁም። ሐኪሙ ናቀኝ ብላችሁም ከሕክምና አትቅሩ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

እህቴ ድናለች። እኔ ግን ጠዋት በሯን አንኳኩቼ፣ "ውጫለሁ፣ ወንድምዬ" እስክትለኝ ድረስ ዛሬም ከደጇ አልንቀሳቀስም።