የቅርጫው በሬ ቆዳ

ስዩም ሲሞት አንገቱና አገጩ አንድ ሆነው ነበር። በግራ ትከሻውና በአንገቱ መጋጠሚያ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቅርፊት ተለጥፏል፤ ዙሪያውን ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ከበውታል። አስከሬኑን ሊያጥቡ የገቡት ሁለት ሽማግሌዎች አማትበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንደኛው ከደጅ ሳይርቅ «መርዝ ነው፤ ውስጡን አቃጥሎ በቆዳው ወጣ» አለ። የመርሳ ከተማ ደግሞ መርሳ ናት፤ ሽማግሌው ቤቱ ሳይገባ ወሬው መናኸሪያ ደርሶ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ጊዜው የሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓ.ም. ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ ነው። ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ከወጡ ብዙም አልቆየም። የሱቅ በሮች እንደተገነጠሉ ናቸው። ሰው መሽቶ ሲተኛ የሌለ መኪና ሲያጓራ ይሰማዋል፤ ማንም ለማንም አይናገርም እንጂ ሁሉም ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ከተማ ሬሳ ሲያይ ገዳይ ይፈልጋል፤ ለማግኘትም አልተቸገረም። ደጀን!

ደጀን ሹፌር ነው። ታጣቂዎቹ ከእሱ የቀሙት አይሱዙ መኪና ሞተሩ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። መካኒኩን ስዩምን በጠመንጃ አፍ ነድተው አስጠገኑትና መኪናውን ይዘው ሄዱ። ያን ጊዜ ደጀን በሰው መሐል «ይህን ባንዳ በእጄ ነው የማጠፋው» ብሎ ምሏል። በገና ዕለት ደግሞ አረቄ ይዞ ስዩም ቤት ሲገባ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ስዩም ደኅና አልሆነም። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ፖሊስ ደጀንን በሩ በተነቀለ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ጎረምሶቹ ደጅ ተሰብስበው «ከቀብር መልስ ካላወጣችሁልን እኛው እናወጣዋለን» አሉ፤ ቀልዳቸውን አልነበረም።

ከወልድያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ጽጌ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ቀጭን፣ ጠቆር ያለች፣ ምላሷ የሚለበልብ ሴት ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ማንኛውም ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ታያለች። ደጀን ያለበት ክፍል በር ስለሌለው እዚያ ተገላገለች።

«መረዝከው?» አለችው ሳትቀመጥ።

«አልመረዝኩትም።»

«ልትገድለው ፈልገህስ?»

«አዎ! ኅዳር ላይ ብታገኚኝ ኖሮ አልዋሽሽም፣ ገድዬው ታገኚኝ ነበር። በኋላ ግን ራሴን ጠየቅኩ። ጠመንጃ ግንባሬ ላይ ቢደገን እኔ አልጠግንም ነበር? ቅርጫ ውስጥ እናስገባው ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እምቢ ሲል ለምኜ ነው ያስገባሁት። አረቄውንም ቀድሜ እኔ ጠጣሁለት።»

«ምን በላ?»

«ምንም። ሥጋው ቀርቦ እያለ አልበላም አለ። ያን ሁሉ ጾም ጾሞ፣ ያን ሁሉ ረሃብ ችሎ፣ በገና ቀን ሥጋ እምቢ ይባላል?»

«በሬው ሲታረድ ነበርክ?»

«ሊነጋጋ ሲል ስንሄድ ታርዶ፣ ተገፎ፣ መደብ መደቡን ተይዞ ጠበቀን። ጋሽ ታደሰ ናቸው ከስዩም ጋር የጨረሱት። እንደ ወትሮው ቆመን አላሳረድንም።»

ጽጌ ወጥታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች። ድንኳኑ ስለተዘረፈ የተፈናቃዮች የእርዳታ ሸራ ተወጥሯል። የስዩም ሚስት ዘነበች እንባዋ አልቆ በደረቁ ትወዛወዛለች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እቱ። እንዴት ጀመረው?»

«እንደ ትንኝ ንክሻ አሳከከው። ከዚያ ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ ጠቆረ። የሚገርመኝ አላመመውም! ‹ያማል?› ስለው ‹ምንም› ይለኛል፤ እያየሁት አንገቱ ያብጣል። ሐኪሞች ትምህርት ቤቱ መጥተዋል፣ እንሂድ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ምን ስትሠራ ያዘህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?› ብሎ እምቢ አለኝ።»

«‹ምን በልተህ› ሳይሆን ‹ምን ስትሠራ›?»

«እንደዚያ ነው ያለው። በሬው የታረደ ዕለት ሌሊት ጋሽ ታደሰ ጠርተውት ሄደ። ሲመለስ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ጀርባው ደም ነበር። ልጠብልህ ስለው ነጥቆኝ እሳት ውስጥ ጨመረው። ሌላ ሸሚዝ እኮ የለውም!» ዘነበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በሕልሙ የሚያወራው ‹እንናገር፣ እንናገር› እያለ ነው። አሁን ሞቶም የሚሰማኝ እሱ ነው።»

ታደሰ ባለሱቅ ነው፤ የቅርጫው ሰብሳቢም እሱ ነበር። መርሳ በቀን ትሞቃለች፤ እሱ ግን ጋቢውን እስከ ጣቱ ጫፍ ተከናንቦ ተቀምጧል። ለጽጌ ዱካ ሲያቀርብላት በግራ እጁ ነው የጎተተው።

«ጋሽ ታደሰ፣ በሬው ከየት ነበር?»

«ከግራና ከተማ። ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ናቸው የሸጡልኝ።»

«ቆዳውስ የት ገባ?»

«የምን ቆዳ?»

«የበሬው ነዋ! ያለ ቆዳ ነው እንዴ የገዙት?»

«ውሻ... ውሻ በላው መሰለኝ።»

«ሙሉ የበሬ ቆዳ? የመርሳ ውሻ በርትቷል!»

ታደሰ አልሳቀም። ውሃ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ፀዳለ ባሏን ልታስመሰግን ፈልጋ ጣልቃ ገባች። «ቆዳ ምን ያደርግልናል? እኛ ሥጋውንም አልቀመስን። ‹ስንት የተራበ እያለ የእኛ መደብ ለጎረቤት ይጨመር› ብሎ አከፋፈለው። ልጆቼ በገና ቀን ሽሮ በልተው አለቀሱ። ግን ጽድቅ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ጎረቤቶቹስ ጥሬውን ቆረጡት?»

«ኧረ የለም! ሥጋው ጠቆር ብሎ አላማራቸውም፤ ሁሉም ሲቀቅለው ዋለ።»

«ተመስገን» አለች ጽጌ፤ ፀዳለ ግን ለምን እንዳመሰገነች አልገባትም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሰፈረው የሕክምና ቡድን የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራሄል ማይክሮስኮፕ ይዛ መጥታለች። ጽጌ አስከሬኑ ዘንድ ወሰደቻት። ራሄል ሁለት ጓንት ደርባ፣ ከቅርፊቱ ዳር ካለው ውሃ አንዲት ጠብታ መስተዋት ላይ ቀባች። አድርቃ ቀለም ውስጥ ነከረችውና ከማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ደጋግማ አየችው።

«ይዩት፣ ኢንስፔክተር።»

ጽጌ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። ሰማያዊ ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው፣ እንደ ሸንኮራ አንጓ ተቀጣጥለው ተሰልፈዋል።

«ባክቴሪያ ሁሉ እንዲህ ነው?»

«አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቁስል የሚያመግለው ድቡልቡል ነው፤ እንደ ወይን ዘለላ ይከማቻል። ያ ደግሞ ያማል፣ ይመግላል። ይህኛው ትልቅ ዘንግ ነው፤ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ቁስሉ መግል የለውም፣ አያምም፣ መሐሉ ይጠቁራል፣ ዙሪያው ያብጣል። ማረጋገጫው ትልቅ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ እኔ ግን ከቁስሉ ጋር ሳየው አልጠራጠርም። አባ ሰንጋ ነው።»

«ከሰው ይጋባል?»

«ከሰው ወደ ሰው እምብዛም። ከብቱን በድንገት ይገድለዋል፤ የሞተውን ከብት የገፈፈ፣ ቆዳውን የተሸከመ ሰው በጭረቱ ይገባበታል።» ራሄል ጓንቷን አወለቀች። «ፔኒሲሊን እኮ አለን። በጊዜ ቢመጣ ኖሮ...» አለችና ተወችው።

ጽጌ ቀብሩ ሳይወጣ የቅርጫውን ሰዎች ሁሉ ሸራው ሥር ሰበሰበች። ደጀንን በሁለት ፖሊስ አስመጣችው። ጎረምሶቹ እስከ ሸራው ጠርዝ ተከትለውት መጡ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ይዟል።

«ድንጋያችሁን ያዙት፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ለማን እንደምትወረውሩት ታስባላችሁ» አለች። «ስዩም አልተመረዘም። በጠጣው ቢሆን ደጀንም አብሮት ጠጥቷል። የገደለው አባ ሰንጋ ነው፤ ራሄል በመሣሪያ አይታዋለች፣ እኔም አይቻለሁ። ይህ በሽታ ከከብት ነው የሚመጣው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ቁስሉ ለምን እጁ ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ ሆነ? አንገቱና ትከሻው ላይ የሚያርፍ ምን ነገር አለ?»

ዘነበች ቀና አለች። «ሸሚዙ... ደሙ እዚያ ነበር።»

«ጥሬ ቆዳ ተሸክሞ ነበራ! የቅርጫ ቆዳ ተሽጦ ለጋራ ይሆናል፤ ይህኛው ግን በሌሊት ተወስዶ ተጣለ። ለምን? ቆዳ ነጋዴ ስለማይታለል ነው። ደሙ በደንብ ያልወረደ ከብት ቆዳው ከውስጥ በኩል ደም ሥሩ ጠቁሮ ይታያል። ሥጋውም ይጠቁራል። እናንተም አይታችሁታል፤ ለዚያ ነው የቀቀላችሁት፤ እግዜር ነው ያተረፋችሁ። ስትመጡም ታርዶ የጠበቃችሁ አስቀድሞ ሞቶ ስለነበር ነው። ቢላዋ ያረፈው በሬሳ አንገት ላይ ነው።»

«በክት!» አለች አንዲት ሴት አፏን ይዛ። ቃሉ ከሰው ወደ ሰው ዞረ። አንዱ ሽማግሌ ወጥቶ አስታወከ። በረሃብ ጊዜ እንኳ የወደቀ ከብት ያልነኩ ሰዎች ናቸው፤ የጾም መፍቻቸው በክት ነበር!

«ማን ያውቅ ነበር?» ጽጌ ድምፅዋን አላነሳችም። «በክት መሆኑን የሚያውቅ ክርስቲያን ጨክኖ ለሰው ያበላው ይሆናል፤ ራሱ ግን አይበላም። እንግዲህ በዚያ ገና ሥጋ ያልቀመሱት የስዩም አፍና የጋሽ ታደሰ ቤት ናቸው።»

ፀዳለ የያዘችው ማሰሮ ከእጇ ወደቀ። «ታደሰ፣ ጽድቅ ነው አላልከኝም?»

ታደሰ ጋቢውን ይበልጥ ሰበሰበ። «ማታ ሳር ሲበላ ነበር» አለ። «ሌሊት ስወጣ ተዘርሮ አገኘሁት፤ ባፍንጫው ደም ይወርዳል። ያን ሁሉ ወር የተራበ ልጅ ሁሉ ያንን ቀን ይጠብቃል። እንዴት ብዬ በሬው ሞተ እላለሁ?»

«ለምን ስዩምን ጠሩ? ከዚህ ሁሉ ጎረቤት?»

«ቢናገርም... የሚያምነው ስላልነበረ።»

ደጀን ጥርሱን አፋጨ። ጽጌ እጇን አንሥታ አስቆመችው።

«ሊናገር ፈልጎ ነበር አይደል?»

«አንገቱ ሲያብጥ መጣ። ‹ጋሼ፣ እንናገርና ልታከም፤ የበላውም ሰው ይታይ› አለኝ። እኔ ‹ትናንት ነው ያስገቡህ፤ በክት አበላን ብለው ነገ ያስወጡሃል› አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ። ሁለተኛ አልመጣም።» ታደሰ ራሱን ያዘ። «እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔን ስከድን በሩን ያንኳኳል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለች ጽጌ። «ጋቢውን ይግለጡ፣ ጋሽ ታደሰ። ቀኝ እጅዎን።»

አልገለጠም። ፀዳለ ናት ጎትታ የገለጠችው። ከእጁ አንጓ በላይ የዚያው ዓይነት ጥቁር ቅርፊት ተቀምጧል፤ ክንዱ እስከ ክርኑ አብጧል። ራሄል ተንደርድራ መጥታ አየችው።

«አሁኑኑ ከጀመርን ይድናል። ሥጋውን በእጁ የነካ ሁሉ ደግሞ እዚሁ ይታያል፤ ማንም አይሂድብኝ።»

«ይተዉኝ» አለ ታደሰ እጁን እየሰበሰበ። «ይገባኛል። ልሙት።»

ጎረምሶቹም የተቃወሙ አይመስልም፤ ደጀንን ረስተው አሁን የሚያዩት ታደሰን ነበር። ዘነበች ከመሬት ተነሣች። ሰው ልትመታው መስሎት መንገድ ለቀቀላት። ፊቱ ቆመች።

«እኔ አልማርኩዎትም» አለች። «ግን አይሞቱም! ባሌ ‹እንናገር› ማለቱን በጆሮው የሰማ ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም። እርስዎ ከሞቱ እሱ ባንዳ እንደተባለ ይቀራል። ክንድዎን ይስጡ።»

ታደሰ ክንዱን ዘረጋ። እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረ ራሄል የሚይዝላት ሰው ፈለገች፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደጀን ፖሊሶቹን ገፋ አድርጎ ሄደና ትከሻውን ያዘው፤ ቀስ ብሎም አልያዘውም። መርፌው ገባ።

ከዚያ አስከሬኑ ወጣ። የቃሬዛውን ጫፍ መጀመሪያ ደጀን አነሣ፤ ድንጋይ ይዘው የነበሩት ልጆች ድንጋያቸውን ጥለው ተራ ተቀበሉት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርሱ ዘነበች ቃሬዛውን አስቆመች፤ ታደሰን በሕዝቡ ፊት አቆመችው። እሱም ጀመረ፤ የበሬውን ነገር፣ የሌሊቱን ነገር፣ ስዩም መጥቶ ያለውን። ድምፁ ግን ከፊት ከቆሙት አላለፈም።

«ጮኽ ብለው» አለችው ዘነበች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»