«ጭስ የለም»

«ጋሼ፣ በናትዎ! መተንፈስ አቅቷታል እኮ!»

ሙሉ የጤና ጣቢያውን የብረት በር በመዳፏ እየደበደበች ጮኸች። ዘበኛው ትንፋሽ ያጠራትን ሐቢባንና እናቷን ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«የጓድ ሊቀመንበሩ ፊርማ ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«እሁድ ቀን ቀበሌ የት ይገኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የውጭ ዜጎች ኤምባሲያቸውን ይጠይቁ።»

ሐቢባ ልትመልስለት ፈለገች። ቃሉ አፏ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ ግን የለም። ከሱዳን ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በአንድ የአፍሪካ ድርጅት ውስጥ ተርጓሚ የሆነው አባቷ ለስብሰባ ሉሳካ ሄዷል፤ እናቷ ከዐረብኛ ሌላ አታውቅም። ሲያማት የምትናገርላት የጎረቤቷ ልጅ ሙሉ ብቻ ናት። ይህ ሁልጊዜ ያናድዳታል።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ የሐቢባ ደረት ሲያፏጭ ሰምታ ወጣችና፣ ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቃ አስገባቻቸው።

«አስም ነው» አለ ዶክተር አረጋዊ ጀርባዋን አዳምጦ። «መቼ ጀመራት?»

«ቦሌ ከገቡ በኋላ» አለች ሙሉ።

«ቤታቸው አጠገብ ጭስ አለ? የሚቃጠል ነገር?»

ሙሉ ሐቢባን ሳታይ መለሰች። «የለም።»

ሐቢባ ቀና ብላ አየቻት። የለም? በየእሁዱ የጽዳት ዘመቻ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ፣ ላስቲክና አሮጌ ጎማ ሳይቀር፣ ከመኝታ ቤቷ አጥር ጀርባ ይቃጠላል። ክምሩን የሚለኩሱት የሙሉ አባት አቶ አያሌው ናቸው። መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ብትወትፈውም ጭሱ ይገባል። ዛሬም እያሳላት ከአልጋዋ ያስነሳት እሱ ነው።

«እንግዲያው ብርዱ ይሆናል» አለ ዶክተሩ የመድኃኒት ማዘዣ እየጻፈ። ነርሷ መርፌ ስትወጋት እሱ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትቆጪኝ። የውጭ አገር ሰው ከሰሰው ከተባለ፣ ዘመቻውን አሰደበ ብለው የቀበሌ ሰዎች አባቴን ያስሩታል። አንቺ አታውቂያቸውም።»

የሐቢባ ንዴት አልበረደም፤ ማንን እንደምትቆጣ ግን ጠፋት።

«ምን አለች?» ስትል እናቷ በዐረብኛ ጠየቀቻት። ሐቢባ የእናቷን እጅ ጨበጥ አደረገች።

ቀስ በቀስ ደረቷ ተከፈተ። ዶክተሩ ተመልሶ መጣ።

«ተሻለሽ? እንግዲህ ከብርድ ተጠንቀቂ።»

«ዶክተር» አለች ሐቢባ። ስትቸኩል አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ረጋ ብላ ተናገረች። «ብርድ አይደለም። ጭስ ነው። እሁድ፣ እሁድ። ጎማ ያቃጥላሉ።»

ሙሉ አቀርቅራ መሬት መሬቱን አየች።

«ማነው የሚያቃጥለው?»

«ሰፈሩ» አለች ሐቢባ። «ሁሉም።»

ዶክተሩ ሁለቱንም ልጆች አየና የመጀመሪያውን ማዘዣ ቀዶ ሌላ ጻፈ። «ከጭሱ ካልራቅሽ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃሽም። ሰዎቹን ንገሯቸው።»

ሲመለሱ ሙሉ ቀድማ ሄደች፤ ዞር ብላም አላየቻቸውም። ሰፈር ሲደርሱ እሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ የጎማው ሽታ ግን አልሄደም።

«ስም አልጠራሁም እኮ» አለች ሐቢባ።

«ሰምቻለሁ።»

«አባትሽ ቤት ናቸው?»

ሙሉ ደንግጣ ቆመች። «ምን ልትዪው?»

«ከአጥሬ ራቅ አድርገው እንዲያቃጥሉ። ጎማውን ደግሞ እንዲተዉት። እኔ ነኝ የምናገረው፤ ቃል ሲጠፋኝ ብቻ አንቺ ንገሪኝ። ትክክለኛውን ቃል።»

ሐቢባ እናቷን ወደ ቤት ላከቻትና የእነሙሉን በር አንኳኳች። ሙሉ መጥታ አጠገቧ ቆመች።