ተረከዙ የተረገጠ ጫማ

የሯጮች አሠልጣኝ ኤልያብ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጀሪፍ ሰፈር ካለው መኖሪያ ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። የጫማው ሶል አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ ደረጃውም እርጥብ ነው።

ለፖሊሱ መኮንን ለሂሻም ነገሩ ያለቀ ነበር። ደረጃውን ያጠበችው የቤት ሠራተኛዋ ዘምዘም ናት፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድም የላትም። ምስኪን፣ ከአሁኑ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ቆማለች። እሷ ከታሰረች ወሎ ያሉት ሁለት ልጆቿ ጦም አዳሪ ናቸው።

ሂሻም ሻምበል ሰይፈሚካኤልን ከባሕሪ ሰፈር ያስጠራው ለማስተርጎም ብቻ ነው። ሻምበል በአገሩ የወንጀል መርማሪ ነበር። ስደት ጫማ ጠጋኝ አደረገው፤ ዓይኑ ግን አልተሰደደም።

«ወላሂ ሻምበል፣» አለች ዘምዘም፣ «ሁሌ ከፈጅር ሶላት በፊት ነው የማጥበው። ኤልያብም ስለሚያውቅ ጥግ ጥጉን ይዞ ነው የሚወርደው።»

«እንዲህ ያለቀ ጫማ ያደርግ ነበር?»

«እሱ? በየጁምዓው ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። እንደ ተጫነ ከቀረ፣ ላዩ አዲስ ቢመስልም ‹ይሄ ሞቷል› ይላል። ዕድሜውን ለማወቅም የጀመረበትን ቀን የጫማው ምላስ ላይ ይጽፋል።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከፍሬው ጋር። ለውጭው ውድድር የሚሄደው አንድ ሯጭ ነው። ትናንት እሱን ትቶ ሌላ መረጠ።»

ከኤልያብ ጋር የሚኖረው ሯጭ ፍሬው ዓይኑ ቀልቷል። «ስንቴ ‹ቀይረው› አልኩት! ግትር ነበር። ዛሬም ይሄንኑ ጫማ ሲያስር አይቼዋለሁ። ኻላስ፣ ቀኑ ደረሰ።»

ሻምበል ከሬሳው አጠገብ በርከክ ብሎ የጫማውን ተረከዝ ዳሰሰ። ከዚያ የቤቱን ሽማግሌ ዘበኛ እግር አየ፤ ያደረጉት የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው።

«ጋሽ ኢክሪማ፣ ሁሌ ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርጉት?»

«ለመስጊድ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ሬሳው ሳያዩ።

ሻምበል ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰባቸው። የሚናገረውን ለሂሻም በዓረብኛ እየደገመ ጀመረ።

«ተረከዙን እዩት። ተረግጦ ተጣጥፏል። ሯጭ በዚህ አሥር እርምጃ ቢሮጥ ጫማው ከእግሩ ይወልቃል። እንዲህ የሚያደርገው በቀን አምስቴ ለዉዱእ እግሩን ሊታጠብ የሚያወልቅ ሰው ነው። ጋሽ ኢክሪማ፣ የእርስዎ አይደለም?»

ሽማግሌው አለቀሱ። «ከሁለት ሳምንት በፊት ‹ለሩጫ ሞቷል፣ ለጥበቃ ግን ገና ነው› ብሎ ሰጠኝ። ለፈጅር ስወጣ በር ላይ ትቼው ነበር፤ ስመለስ የለም። ሬሳው እግር ላይ ሳየው በኔ ያሳብቡታል ብዬ ፈራሁ።»

«እስከ ፈጅር ከጋሽ ኢክሪማ ጋር የነበረ ጫማ ነው። ታዲያ ፍሬው፣ ኤልያብ ሲያስረው እንዴት አየኸው?»

«ተሳስቼ... ይሆናል።»

«ዋሽተህ ነው። ኤልያብ ያለቀ ጫማ ላለማድረግ ሁለት ሳምንት ሩጫ አቁሞ ነበር፣ እውነት ነው ዘምዘም?»

«እውነት ነው፣ አዲስ እስኪያገኝ ድረስ። ትናንት ከኦምዱርማን ገዝቶ መጣ።»

«ዛሬ ያን አዲሱን አድርጎ ወጣ፤ አንተም ከላይ ገፋኸው። አዲስ ጫማ አንሸራተተው ቢባል ማን ያምናል? ያለቀውን ከበር አንስተህ አደረግክለት። ሂሻም፣ የዚህን ልጅ ቦርሳ ፈትሽልኝ። ጫማ ጠጋኝ ነኝ፤ ሯጭ አዲስ ጫማ መጣል እንደማይሆንለት አውቃለሁ።»

ከቦርሳው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ አዲስ ጫማ ወጣ። ሻምበል ምላሱን ገለጠ። «ማክሰኞ፣ ሰኔ 7» ይላል።

«የሱ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች ዘምዘም። «ዛሬኮ ነው!»

ፍሬው ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። «ይሞታል አላልኩም... ተናድጄ ነው የገፋሁት። ጫማውን ወንዝ ልጨምረው ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳን አልተሮጠበትም።»

ሂሻም ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው። ዘምዘም መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ፌስታሏን ፈታች፤ ከልብሶቿ መሐል ነጠላዋን አውጥታ ኤልያብን አለበሰችው።