አርባ ሁለተኛው ሚስማር

ጋሽ ደበሌ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት የካርታ ክፍላቸው ሞተው የተገኙት ቡታጅራ ላይ ዶፍ በጣለበት ቀን ነው። አጠገባቸው አመድ የሞላው የከሰል ምድጃ ነበር። ሰፈሩም «ብርድ ነው፤ ከሰል አስገብተው ታፍነው ነው» ብሎ ድንኳኑን ተከለ።

በማግስቱ ከወልቂጤ የመጣችው ኢንስፔክተር ከድጄ ግን ለመወሰን አልቸኮለችም። ግድግዳው ሙሉ ካርታ ነው፤ ድሮ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው የታተሙ፣ ቬኒስ፣ ሊዝበን፣ ኢስታንቡል።

«እትዬ ብርቄ፣ ባለቤትዎ እዚህ እሳት ያስገቡ ነበር?»

መበለቲቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። «እሳት? ሻማ ይዤ ብገባ እንኳ ‹ወረቀቴን ልታነጂው ነው!› ብለው ያባርሩኛል። ምድጃው ከማድቤቴ ነው የተወሰደው። እኔ ዕድር ነበርኩ።»

«በሩን ሲከፍቱትስ?»

«ከውጭ ከስሩ እርጥብ ጆንያ ተወትፎበት ነበር። ለዝናቡ መስሎኝ…»

ከድጄ ጎንበስ ብላ የበሩን ስር አየች። ውስጥ የተኛ ሰው በሩን ከውጭ አይወትፍም።

ካርታዎቹን የምትመዘግበው ናዝሬት ጥግ ቆማለች፤ ስድስት ወር የሠራች ጭምት ልጅ።

«ስንት ካርታ አለ፣ እህቴ?»

«አርባ አንድ። ከጨረስኩት ሳምንቴ ነው፤ ዝርዝሩ ይኸው።»

ከድጄ በጣቷ ቆጠረች። ሚስማሩ አርባ ሁለት ነው። ከባዶው ሚስማር ስር ግድግዳው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል።

«እዚህ የነበረውስ?»

«ለጋሽ ሸረፋ ሸጠውት ይሆናል።»

ሸረፋ የወልቂጤ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ጋሽ ደበሌ በሞቱበት ቀን ጠዋት በቬኒሱ ካርታ ከሳቸው ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቶታል። ተጠርቶ መጥቶ ባዶውን ሚስማር ሲያይ ገና ከበሩ ጮኸ።

«ወላሂ፣ እሱን በነጻም አልወስደው! የካይሮው ነው፤ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ፣ ግማሽ የወልቂጤ ትምህርት ቤት ማህተም ያለበት። ልስረቅ ብል ቬኒስን ትቼ እሱን? እንዲህ ሞኝ እመስላለሁ?»

«በሞቱበት ቀን ጠዋት እዚህ ነበር?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ከድጄ ወልቂጤ ደርሳ ተመለሰች። ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ሸረፋ ካርታ ያውቃሉ፤ ቢወስዱ ቬኒስን ነበር። እትዬ ብርቄ አንዱን ካንዱ አይለዩም።»

«ለኔ ሁሉም የሸረሪት ድር ነው» አሉ ብርቄ።

«የካይሮው ካርታ ጋሽ ደበሌ በሞቱበት ቀን ጠዋት ተሰቅሎ ነበር። ከሳምንት በፊት ያለቀው ዝርዝር ግን አያውቀውም። ያልተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል? ይህን አስቀድሞ ማድረግ የሚችለው መዝጋቢው ብቻ ነው። ማህተሙን ተከትዬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አሮጌውን አትላስ ስገልጥ ካርታው ከተቆረጠበት ቦታ ተመልሶ ተኝቷል፤ ግማሹ ማህተም ከግማሹ ገጥሟል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛም፣ ጋሽ ደበሌ በሞቱ ዕለት ልትዘጋ ስትል የቀድሞው የመጻሕፍት ጠባቂ የደረጄ ልጅ መጥታ እንደነበር ነገረችኝ። ምድጃውን ያስገባሽውም በሩን የወተፍሽውም አንቺ ነሽ፣ ናዝሬት ደረጄ።»

ናዝሬት አልካደችም።

«አትላሱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። የታሰረው አባቴ ነው። ሌባ ተብሎ ኖረ፣ ሌባ ተብሎ ተቀበረ፤ ለቅሶ የደረሰን ጎረቤት የለም። እኚህ ሰውዬ ስለ እያንዳንዱ ወረቀት ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ። እኔን ግን ስድስት ወር ሙሉ ‹የማን ልጅ ነሽ?› አላሉኝም።»

«አይጸጽትሽም?»

«ተኝተው መሄዳቸው ይቆጨኛል። ነቅተው እንዲያዩኝ ነበር የፈለግሁት።»

ከድጄ የቃል መቀበያውን ወረቀት አወጣች። «ሙሉ ስምሽን…»

«መጀመሪያ የአባቴን ይጻፉልኝ። ደረጄ አልሰረቀም ይበሉ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ከድጄ እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች። ያኔ ብርቄ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው።

«ጻፊላት፣ ልጄ። የሷ ይጻፍላትና የባሌን ደም ደግሞ እኔ እጠይቃታለሁ።»

ከድጄ ከላይ፣ ከባዶው ጠርዝ ላይ ጻፈች። ናዝሬት ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ሳትጠየቅ ለካቴናው ሁለት እጇን ዘረጋች።