ጠብታው የወረደበት ጎን

ከዚህ በታች የተጻፈው ከሥሩ እስከ ጫፉ እውነት ነው፤ አንዲት የውሸት ቃል ከተገኘበት የፓሲግ ወንዝ ወደ ኋላው ይፍሰስ።

ሻምበል ፋውስቶ ማላሪ በማኒላ ምድር አቻ ያልተወለደለት መርማሪ ነበር። ሌባ ኪያፖ ሰፈር ቢያስነጥስ፣ እሱ ቶንዶ ሰፈር ሆኖ በስሙ ጠርቶ «ይማርህ» ይለዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የተጠራው ለሌባ አልነበረም። ከመድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል የፋርማሲ ትምህርት ቤት የከፈቱት፣ በጦርነቱ ሲቃጠልባቸውም አመዱን ጠርገው እንደገና ያስተማሩት ዶኛ ሬሜዲዮስ ላክሳማና፣ ትምህርት ቤታቸው ዩኒቨርሲቲ ሊባል ባለበት ቀን፣ በመቀመሚያው ክፍል ወንበራቸው ላይ በድን ሆነው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ የቸኮላታ ሲኒ ባዶውን ቀርቷል፤ ከጎኑ ክዳኑ የተከፈተ፣ ሲበዛ የሚገድለው የሕመም ማስታገሻ የኦፒየም ጠርሙስ ቆሟል።

ሐኪም ይጠራ ቢሉት፣ «ሐኪም ለሕያው ነው» ብሎ ዘጋቸው።

«ፑራ ናት» አለ ኤልፒዲዮ፣ የሟች ወንድም ልጅ። «የመርዙ ቁምሳጥን ቁልፍ በእሷ እጅ ነው። ሬሳውንም አገኘሁ ያለችው እሷ ናት። ሚኒስትሩ መጥተው የዩኒቨርሲቲነቱን ቻርተር ከማንበባቸው በፊት ይዘሃት ውረድ።»

ወጣቷ መምህርት ፑራ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ከተያዘች ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ሞት ወደሚፈጸምበት የኤሌክትሪክ ወንበር።

«ቁልፍ ሁለት ነው» አለች። «አንዱ የዶኛ ነው፤ ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር።»

ሻምበሉ ዞሮ ሲያይ ሁለተኛው፣ የዶኛ ቁልፍ፣ ቁምሳጥኑ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። የትምህርት ቤቱን አንጋፋ መምህር፣ ፕሮፌሰር አናክሌቶን ወደ መስኮቱ ወሰዳቸው።

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ልጄ፣ እኔና እሷ ያልተጣላነው በጦርነቱ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ተደብቀን ነበር፤ መጮህ አይቻልም።»

«የወንድማቸው ልጅስ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዝዳንትነት ለፑራ ልትሰጥ ነበር፤ ዛሬ፣ በሕዝብ ፊት። ትናንት ስትነግረው ‹ያን ቀን በሕይወት አታዪውም› አላት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሻምበሉ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሣ። ቡናማው ጠብታ በመለያ ወረቀቱ ላይ ተንዠቅዥቆ ጽሑፉን ግማሽ በግማሽ አጥፍቶታል። ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ገና ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ በከተማው ያለ ነፍሰ ገዳይ ሁሉ ኑዛዜውን ይጽፍ ነበር።

ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ አቆማቸው። የሟች ታላቅ እህት እትዬ ቶማሳ ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ሻምበሉ መለያ የተለጠፈበት የውሃ ጠርሙስ አመጣ።

«በየተራ ቅዱልኝ።»

ፑራ ቀዳች፤ አናክሌቶም ቀዱ። የሁለቱም መዳፍ መለያውን ሸፈነው፤ ጠብታው በባዶው ጎን ወረደ። ኤልፒዲዮ ግን ጠርሙሱን እንዳገኘ ጨብጦ አዘነበለው፤ ውሃው መለያው ላይ ወረደ።

«ፕሮፌሰር፣ ዶኛ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ምን ነበር?»

አናክሌቶ የተጣመመ ጣታቸውን አሳዩ። «ስትቀዳ መለያው መዳፍህ ውስጥ ይሁን። የጠፋ ጽሑፍ ሰው ይገድላል። የረሳውን ተማሪ ጣቱን በዘነዘና ትመታው ነበር።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ሻምበሉ። «ከዚህ ቤት የተማረ እጅ በእንቅልፉ እንኳ መለያ አያበላሽም። ስለዚህ ፑራ አይደለችም፤ ፕሮፌሰሩም አይደሉም። ፑራ ብትሆን ደግሞ የራሷን ቁልፍ ትጠቀም ነበር እንጂ የሟችን ኪስ ለምን ትዳብሳለች? የፕሬዝዳንትነቱን ወንበርስ ዛሬ ሊሰጧት የተነሡትን ሴት ለምን ትገድላለች? ወንበሩን የተነጠቀ፣ የዛተ፣ ጠርሙስ መያዝ የማያውቅ ሰው ማን ነው?»

«እኔ በሕይወቴ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዤ አላውቅም» አለ ኤልፒዲዮ።

«እሱማ ያስታውቃል።»

አናክሌቶ ፊቱ ላይ ተፉበት። ፑራ እንባዋን ጠርጋ ተጠጋችው።

«ወንበር ፈልገህ አልነበር?» አለችው። «ይኸው፣ መንግሥት ሰጠህ። ሲለኮስ ቁጭ እንዳልክ ነው የሚያስቀርህ።»

ከሻምበሉ ጋር የመጡት ፖሊሶች እየጮኸ እግሩን ይዘው በደረጃው ላይ ቁልቁል ጎተቱት፤ አገጩ እያንዳንዱን እርከን ሲመታ ይሰማል። ወዲያው ከታች፣ ከግቢው፣ የሚኒስትሩ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ቻርተሩን አነበነበ። ጭብጨባው መስኮቱን አራገበው፤ የሙዚቃ ጓዱም ተከተለ።

እትዬ ቶማሳ መቁጠሪያቸውን ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ።

«ተነበበ?»

«ተነበበ፣ እትዬ» አለ ሻምበሉ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያውስ ልናገር። እህቴ ሬሜዲ ያረፈችው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ልቧ ነው፤ እጄን እንደያዘች ሄደች። ቸኮላታውን የጠጣሁት እኔ ነኝ። ኦፒየሙንም ለጥርሴ ሕመም ብዬ፣ ቁልፉን ከኪሷ አውጥቼ ጠብ ያደረግኩበት እኔ ነኝ። እኔ እንደ እሷ ጠርሙስ አያያዝ አልተማርኩም፤ እጄም ይንቀጠቀጣል።»

ሻምበሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ከደረጃው በታች የኤልፒዲዮ ጩኸት ተቋርጦ ነበር።

«ልጁ ሲጎተት እያዩ ለምን ዝም አሉ?»

«ቻርተሩ ሳይነበብ መሞቴን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ አስምላኛለች፣ ልጄ» አሉ እትዬ ቶማሳ ዝግ ብለው። «ያኔ ገና አልተነበበም ነበር።»