ማስተዋል የሰፋችው ክንፍ

አስናቀ ወደ ማስተዋል ልብስ ስፌት ቤት መጀመሪያ የገባው ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም ነገር ሊያሰፋ ነበር።

«የምን መጋረጃ ነው እንዲህ የሚረዝም?» አለችው፣ ሜትሯን ከአንገቷ እያወረደች።

«መጋረጃ አይደለም፣ እህቴ። የአውሮፕላን ክንፍ ነው።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያኔ ቀና ብላ በደንብ አየችው። ጣቶቹ በብየዳ የተለበለቡ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ዓይን አፋር ሰው ነበር።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ከተማ ዳር ወዳለው የብየዳ ቤቱ ወሰዳት። አውሮፕላኗ እውነትም ነበረች። የሙያ አስተማሪው የነበሩት አቶ ታደሰ በገዛ እጃቸው ሠርተዋት፣ ሳያበሯት ሞቱ። ስድስት ዓመት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ የክንፏን ጨርቅ አይጥ በልቶታል። አስናቀ ብረቷን አድሶ፣ ከአሮጌ ቮልስ መኪና ያወረደውን ሞተር ለበረራ እንዲሆን አድርጎ ገጥሞላታል። ፕሮፔለሯን ከዋንዛ እንጨት የጠረበው ራሱ ነው።

«ማን ሊያበራት ነው?»

«እኔ።»

«ብትወድቅስ?»

«አልወድቅም» አለ፣ ቀለል አድርጎ።

ሁለት ወር ሙሉ ሰፋች። እሱ ጨርቁን ወጥሮ ይይዝላታል፣ እሷ በመርፌ ትከተላለች። አንዳንዴ እጃቸው ከጨርቁ ሥር ይገናኛል። ያን ጊዜ ሁለቱም ሥራ የበዛባቸው ይመስላሉ።

ክንፉ ሲያልቅ ሞተሩን መሞከር ጀመሩ። አስናቀ ድምፁን ከውጭ መስማት ስለሚፈልግ ማስተዋልን መቀመጫው ላይ ያስቀምጣታል። እሷ በግጦሽ ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ትነዳለች፤ እሱ ጆሮውን አዘንብሎ «ነዳጅ ቀንሺ! አሁን ጨምሪ!» እያለ ከጎኗ ይሮጣል።

ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤት የጠየቀው የሙከራ በረራ ፈቃድ የመጣው በታኅሣሥ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ጠዋት አስናቀ ራሱ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ሜዳውን ሮጠባት። ሦስቱንም ጊዜ ጎማዎቿ ስንዝር ያህል ተነስተው ተመልሰው አረፉ። የደጋው አየር ስስ ነው፤ ሞተሩ ክብደቱን አልቻለም።

«ስንት ኪሎ ነህ?» አለችው ማስተዋል።

«ሰማንያ አንድ።»

«እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ። እኔ ላብርራት።»

«አይሆንም።»

«ከአንተ የበለጠ የነዳኋት እኔ ነኝ እኮ!»

«አይሆንም አልኩሽ!»

ከዚያ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም ነበር።

«ለአንተ ካላሰጋ ለእኔ ምን ያሰጋል? ሴት ስለሆንኩ ነው?»

ፊቱን ወደ ጉና ተራራ አዞረ። ጥላው ሄደች።

ዘጠኝ ቀን አልተያዩም። ማስተዋል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ደጁ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። በአሥረኛው ቀን አስናቀ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ይዞ ገባና ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር።

«ሞተሩን የሚሸከመው ብረት ነው» አለ።

«መቼ አየኸው?»

«ከተጣላን በኋላ። አንቺ የምትቀመጪባት ናት ብዬ ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሬ ፈታታኋት። ለራሴ ሳዘጋጃት ይሄን ብረት በእጄ ዳስሼ ነበር ያለፍኩት። አንቺን ሳስብ ግን ባትሪ ይዤ ከሥሩ ገባሁ።»

ማስተዋል ስንጥቁን በጥፍሯ ነካችው። «ሦስቴ ሮጠህባታል» አለች። «ተነስታ ቢሆን ኖሮ...»

«ሴት ስለሆንሽ አይደለም የከለከልኩሽ። ስለምወድሽ ነው።»

ብረቱን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለችው።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተ ስትቀመጥባት የምፈትሻት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ለራስህ አታውቅበትም።»

አዲስ ብረት ሠርቶ በየደ። እያንዳንዱን ብሎን አብረው አጠበቁ፤ በጠበቀው ሁሉ ላይ እሷ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ብቻ ከፍ እያደረገች መልሳ ማሳረፍን ተለማመደች። አስናቀ ዳግመኛ አይሆንም አላላትም።

በጥር አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከብቶቹ ከሜዳው ወጡ። ማስተዋል ነዳጅ ሰጠች። አስናቀ አብሯት ሮጠ። ድንገት የሜዳው መንገጫገጭ ከእግሯ ሥር ጠፋ፤ ጎማዎቹ ጸጥ አሉ። የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ከጎኗ አየች። በቀጥታ ሄዳ፣ ነዳጁን ቀንሳ፣ ሁለቴ ነጥራ ሜዳው መጨረሻ ላይ ቆመች።

አስናቀ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ክንፉን ይዞ ጎንበስ አለ።

«አስናቀ! ምን ሆንክ?»

«ሽማግሌ... ልልክ ነው» አለ፣ እያለከለከ።

ሄልሜቷን አውልቃ እየሳቀች አለቀሰች። «መጀመሪያ ተንፍስ» አለችው። «ከዚያ ላክ።»

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አባቷ አቶ ይርጋ አስቀምጠዋቸው፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ልጄ አየር ላይ ሳለች ይህ ልጅ የት ነበር?»

«ከሥሯ ሲሮጥ ነበር» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

አቶ ይርጋ ጥቂት አሰቡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳው ዞር አሉና፣ «አሰለፈች» ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ፤ «ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይሻላል መሰለኝ።»